ግጥም፦ ሀብትነሽ ገብረየስ

እናቴ ሀብትነሽ ገብረየስ ባለፈው ጥቅምት አርፋ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስትቀበር፣ የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ አነበበው። በቤተ መዛግብት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ዓመተ ምሕረቱም ስሙም እንዳይሳሳት ተጠንቅቄ ነበር። በ1946 ላንቻ ተወለደች። በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥራ በዚያው ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሆና ጡረታ ወጣች። ከአቶ ፀሃዬ ተስፋይ ጋር ተጋብታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ አንቀጽ ሳይነበብ ቀርቷል።

አንቀጹን ያስወጡኝ እትዬ ብርኽቲ ናቸው፤ የዕድራችን ሰብሳቢና የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤታችን። ወረቀቱን ከቀብሩ በፊት ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ "ማዕዛ፣ የኔ ልጅ፣ ይቺን አውጫት። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሆቴል ዘፈን አይነሳም" አሉኝ። ልክ ናቸው። አወጣሁት። ያ የወጣው አንቀጽ ነው እንግዲህ እዚህ በሙሉ የሚጻፈው።

"መብራቱ አይጥፋ" የተባለውን ዘፈን ግጥም የጻፈችው እናቴ ናት።

ዘፈኑን የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1965 በሸክላ ከወጣ ጀምሮ ከካዛንቺስ መጠጥ ቤቶች ጠፍቶ አያውቅም። መግቢያው ላይ ያለችው ጊታር ዳገት ላይ እንደሚያጓራ የናፍጣ ሞተር ናት፤ እሷን የሰማ ሰው ቁጭ ብሎ መቆየት ይቸግረዋል። የሠርግ ዲጄዎች መጨረሻ ላይ ይከፍቱታል። ስታዲየም ውስጥ የሚሸነፈው ቡድን ደጋፊዎች ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ይዘፍኑታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ከአንዱ ግቢ አንድ ሰው ይጀምርና፣ ከየአጥሩ እየተቀባበሉ ሰፈሩን ያዳርሱታል፤

መሸብኝ መንገዱ፣ አውቶቡሷም አልፋ፣
ሆዴ ሆይ ጠብቂኝ፣ መብራቱ አይጥፋ።

የተጻፈው በ1964 ክረምት ነው። እናቴ ያን ጊዜ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። አለቃዋ ማምሻውን አስቸኳይ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ ሰው ስለነበሩ፣ እሷ ታይፕ አድርጋ፣ አስፈርማ፣ ኮፒውን አስቀምጣ ስትወጣ የመጨረሻዋ አውቶቡስ ትሄድባታለች። ያኔ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ከካዛንቺስ በስታዲየም በኩል አድርጋ ላንቻ ድረስ በዝናብ ትሄዳለች። አያቴ እጸገነት ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከበሩ በላይ ያለችውን አምፖል አብርታ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አዙራ ትጠብቃታለች። እናቴ ከመታጠፊያው ላይ ሆና ያቺን አምፖል ስታይ ድካሟ ግማሽ በግማሽ እንደሚለቃት ትነግረኝ ነበር። ግጥሙ ይኸው ነው። የፍቅረኛ ግጥም አይደለም። ሁለተኛው ስንኝ እሷ ስትጽፈው "እማዬ ጠብቂኝ" ይል ነበር።

አባቴ ፀሃዬ በዚያ ዘመን ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤቷ ጀርባ ባለ ሆቴል ጊታር ይመታል፤ ምሳውን ደግሞ የቢሮ ሠራተኞች በሚበሉበት ቤት ይበላል። እዚያ ነው የተዋወቁት። አንድ ቀን ግጥሙን አነበበችለት። እሱም በሹካው ጠረጴዛውን እየመታ አዳመጠና፦

"ይሄ እኮ ሮክ ነው" አላት።

"ሮክ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ዝናብ ውስጥ ጫማ በእጅ ይዞ መሮጥ ነው።"

"እኔ መቼ ሮጥኩ? በደንብ ነው የሄድኩት" ብላ መለሰችለት። ይህን ምልልስ ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል፤ ቃሉ አንድ ነው።

የባንዱ ድምፃዊ "እማዬ"ን በ"ሆዴ ሆይ" ለወጠው። ሆቴል የሚመጣ ሰው እናቱን ፍለጋ አይመጣም አለ። እናቴ ስቃ ፈቀደችለት። ሸክላው ሲታተም አባቴ ስሟን ሊያስጽፍ ፈልጎ ነበር። እምቢ ያለችው ራሷ ናት። የመሥሪያ ቤት ልጅ፣ አጎቷ ቄስ፣ ስሟ ከሆቴል ባንድ ጋር ሸክላ ላይ ወጥቶ ማን ፊት ትቆማለች? ስለዚህ ሸክላው ላይ "ግጥምና ዜማ፦ በባንዱ" ተባለ።

ብዙም ሳይቆይ ሰዓት እላፊ መጣ። ማታ መውጣት ሲቀር የሆቴሉ ሙዚቃ ቆመ፤ ባንዱም ተበተነ። አባቴ ጊታሩን ሰቅሎ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ፍሪሲዮንና ካንዴላ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖረ። እናቴ መተየቧን ቀጠለች። የምትጽፈው ደብዳቤ ስርዝ ድልዝ አልነበረውም። የትምህርት ቤት ድርሰቴን ስታርም አራት ነጥብ የጎደለበትን ቦታ በጥፍሯ ትነካዋለች፤ ምንም አትልም፣ ነክታ ትጠብቃለች። ዛሬ በሙያዬ ሰው የሚያመሰግነኝ ነገር ካለ ከዚያች ጥፍር የመጣ ነው።

ዘፈኑ ግን ያለ እነሱ ሄደ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ስልክ። አንድ ጊዜ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ በታክሲ ስንሄድ ሬዲዮው ከፈተው። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ለሾፌሩ ታሪኩን ያስረዳዋል። የጻፈው አንድ ወታደር ነው፣ ለእጮኛው ነው፣ ከግዳጅ ሲመለስ ሞተ። እናቴ ከኋላ፦

"ወታደር አይደለም፤ የቢሮ ታይፒስት ናት" አለች።

ሰውዬው ዞሮ አያትና፣ "እማማ፣ ታይፒስቷን ያውቋታል?" አላት።

"ትንሽ ትንሽ።"

"እሺ፣ ሰላም በሉልን!" አለ ረዳቱ፤ ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። ስሟ አለመታወቁ የሚከነክናት አይመስለኝም ነበር። አባቴም እንደዚያው ያስብ ነበር።

ሐሳቡን የቀየረው በመጨረሻዋ ሰሞን ሆስፒታል ውስጥ የሆነ ነገር ነው። አንዲት ነርስ ግሉኮሱን እየቀየረች ዘፈኑን ታንጎራጉራለች። ደግ ልጅ ነበረች፤ እጇ አያሳምም። እናቴ ዓይኗን ገልጣ፣ "ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለቻት።

"እሺ እማዬ" አለቻት ነርሷ፣ ትራሷን እያስተካከለች። "አሁን ትንሽ ይረፉ፤ ብዙ አያውሩ።"

ልጅቷ ክፋት የላትም። በሕመም የሚቀባጥር ሰው በየቀኑ ታያለች። እናቴ ግን ነርሷ እስክትወጣ ጠብቃ ፊቷን ወደ አባቴ አዞረችና፣ "አየህ ፀሃዬ፣ ዘገየሁ። ያኔ ቢጻፍ ኖሮ ጥሩ ነበር" አለችው።

 አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ሰው ሰብስቦ ሳይናገር መሞት እንደማይፈልግ ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ አንዴ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ አንዴ ከቀብር ስንመለስ። የት እና ለማን እንደሚናገር ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

የካዛንቺስ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ቂርቆስ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። ዕድሩ ግን አልፈረሰም፤ ድንኳኑ በመኪና እየተጫነ የሞተ ሰው ያለበት ቦታ ይደርሳል። የእናቴም ድንኳን እንደዚያ ሆኖ በራችን ላይ ተተከለ። ያን ዕለት በታክሲ ያለፈ አንድ የድሮ ሰፈራችን ሰው ድንኳኑን አየ። ሳይወርድ፣ ሳይጠይቅ፣ የካዛንቺስ ልጆች ቴሌግራም ላይ "የጋሽ ፀሃዬ ቤት ድንኳን ተጥሏል" ብሎ ጻፈ። ቀጣዩ ሰው ከሥሩ "ነፍስ ይማር ጋሼ" አለ። ሦስተኛው የሻማ ሥዕል ለጠፈ። በድሮው ሰፈር ቢሆን እንዲህ ያለ ስሕተት አይፈጠርም ነበር፤ ማን እንደሞተ ለማወቅ አጥር ላይ ብቅ ማለት ይበቃ ነበር።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ በአንዱ ከሰዓት የውጭው በር ተንኳኳ። አባቴ ሊከፍት ሄደ። ጠጉሩን ከኋላ ያሰረ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ወጣት፣ በብብቱ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ በረንዳው ላይ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"የጋሽ ፀሃዬ ቤት እዚህ ነው?"

"ነው።"

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ሔኖክ እባላለሁ። ማለቴ፣ ባንድ አለን። ኅዳር ላይ ፓርኩ ውስጥ ኮንሰርት አለ፣ ትልቅ ነው፣ እኛ ነን የምንዘጋው፣ የምንዘጋው ደግሞ በእሳቸው ዘፈን ነው። እና ቤቱ ሐዘን ላይ ስለሆነ፣ በቃ፣ ቤተሰቡን ሳናስፈቅድ አንዘፍንም ብለን ነው የመጣሁት።"

"በማን ዘፈን?"

"በጋሽ ፀሃዬ፤ በሟቹ። እርስዎ ወንድማቸው ነዎት?"

አባቴ ትንሽ አሰበ። "አይ፣ እኔ ቅርብ ነኝ" አለው። "ሟቹ እኔ ነኝ፤ ግባ።"

ሔኖክ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ደረጃውን ሳተ። አባቴ በክንዱ ባይዘው ኖሮ ይወድቅ ነበር። "እንዴ ጋሼ!" አለ፣ የተያዘበትን ክንድ እያየ። "እንዴ! አለህ እንዴ? ማለቴ አሉ እንዴ?"

"እስከ አሁን አለሁ።"

ወረቀቱ ፖስተር ነበር። የአባቴ የወጣትነት ፎቶ፣ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ "ለታላቁ ፀሃዬ ተስፋይ መታሰቢያ" የሚል። እኔ ቁጣዬን ለመደበቅ አልሞከርኩም። በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ ማተም ምን ማለት እንደሆነ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን ፖስተር የሚያገኝ ተመራማሪ ምን እንደሚጽፍ ለሔኖክ አስረዳሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። አባቴ ፖስተሩን ወደ ብርሃን ይዞ ያየዋል።

"ፀጉር ነበረኝ እኮ" አለ።

"አባዬ፣ ቁም ነገር ነው የማወራው።"

"እኔም ቁም ነገር ነው። አየሽ፣ ሞቼም ሰው ያስታውሰኛል ማለት ነው። ተመስገን። አንተ ሔኖክ፣ ይሄ ከታች ያለው ትንሹ ጽሑፍ ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝኩም።"

ሔኖክ አነበበለት። "የመብራቱ አይጥፋ ግጥምና ዜማ ደራሲ።"

አባቴ ፖስተሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለው። ከዚያም ወንበር ስቦ ልጁን ከፊቱ አስቀመጠና ስለ ላንቻው አምፖል፣ ስለ ምሳ ቤቱ፣ ስለ ነርሷ ነገረው። ሔኖክ መጨረሻ ላይ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ስሟን መድረክ ላይ እኔ ራሴ እናገራለሁ፣ በቃ፣ ተወው ለኔ፣ አለ።

"አንተ ስትናገር 'እሺ እማዬ' ነው የሚሉህ" አለ አባቴ። "ግጥሙን ከራሷ አፍ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ የባንዱ ልጆች አልፈዋል። እኔው መጥቼ እናገራለሁ።"

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። የእናቴ አርባ አልወጣም። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም፤ አባቴ ዜናውን ይከታተል የነበረው ከመግቢያው ሙዚቃ እንዳይገጥም ደቂቃ አሳልፎ እየከፈተ ነው። ይህ ሰው ነው ሺህ ሰው የሚጨፍርበት መድረክ ላይ ሊወጣ ያሰበው። እኔ አልተስማማሁም። ስሙ ይታረማል፤ በጋዜጣ እንጽፋለን፤ ሰነድ አዘጋጅቼ ለሚመለከተው አስገባለሁ አልኩት። እትዬ ብርኽቲ ሲሰሙ ደግሞ በዚያው ቀን መጡ።

"ፀሃዬ፣ አብደሃል ይሉኛል፣ እውነት ነው?"

"እስካሁን የሚሉት ሞተሃል ነው። መሻሻል ነው ይሄ።"

"ቀልዱን ተወው። ሀብትነሽ አፈሯ ሳይደርቅ ጭፈራ ልትሄድ ነው?"

"ጭፈራ አልሄድም። ተናግሬ፣ ሙዚቃው ሳይጀመር እወርዳለሁ። ብርኽቲ፣ አንቺ ቀብሯ ላይ ስሟ ከዘፈኑ ጋር እንዳይነሳ አደረግሽ፤ ልክ ነሽ፣ ቦታው አልነበረም። ቦታው የት ነው ታዲያ? ንገሪኝና እዚያ ልሂድ።"

እትዬ ብርኽቲ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "ልጠብቅህ ነው የምሄደው። ጊታር ከነካህ በዚህ ዣንጥላ ነው የምልህ።"

ፓርኩ ከካዛንቺስ ቁልቁል ወንዙን ተከትሎ የተሠራ ነው። እሑድ ከሰዓት ሄድን። ሣሩ ሰው ለብሷል። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ተቀምጧል፣ ሴቶች ልጆች ፊታቸው ላይ ቀለም ተቀብተዋል፣ ፈንዲሻና ውኃ የሚሸጡ ይጮኻሉ። በዚያ ሁሉ ቀለም መካከል እኛ ሦስታችን ጥቁር ለብሰን ስንገባ ሰው ሳይነገረው መንገድ ይለቅልን ነበር። ሙዚቃው እንዳይደርሰን ሔኖክ ከመድረኩ ጀርባ ራቅ ካለ ዛፍ ሥር አስቀመጠን። ቢሆንም ይሰማል። እትዬ ብርኽቲ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ አባቴ የጫማውን ጫፍ እያየ ተቀመጠ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። እናቴ ይህን ብታይ ታፍር ይሆን ብዬ ነበር የማስበው።

የመጨረሻው ተራ ሲደርስ የአባቴ ፎቶ ከነሻማው በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ሔኖክ ለአዘጋጆቹ ነግሯቸው ነበር፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን አልሰማም። አስተዋዋቂው የኅሊና ጸሎት አስደርጎ፣ "አሁን ከሟቹ ቤተሰብ አንድ ሰው ንግግር ያደርጋሉ" አለና አባቴን በደረጃው ደግፎ አወጣው። ማይኩን ሳያርቅ፣ "ማን ልበል ጋሼ?" ብሎ ጠየቀው።

"ሟቹ በለኝ" አለ አባቴ።

ድምፁ በፓርኩ ሁሉ ተሰማ። ሰው መጀመሪያ ስክሪኑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ጎል የገባ ይመስል ጩኸት ተነሳ። "ጋሼ ተነሱ እንዴ?" ብሎ አንዱ ከሣሩ ላይ ጮኸ።

"አልሄድኩም፤ ወረፋ ይዤ ነው!" አለው አባቴ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ቀጥሎ ያለውን እኔ ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፤ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

"ልጆቼ፣ ሞተ ብላችሁ ይሄን ያህል ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የሞተችው ባለቤቴ ናት። ሀብትነሽ ገብረየስ ትባላለች። ይሄን ዘፈን የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ጊታር ነው የመታሁት። ከሥራ አምሽታ፣ አውቶቡስ አምልጧት፣ ከካዛንቺስ ላንቻ በእግሯ ስትሄድ በሯ ላይ መብራት አብርተው ለሚጠብቋት ለእናቷ ነው የጻፈችው። 'ሆዴ ሆይ' አይልም፤ 'እማዬ' ነው የሚለው። ስሟን አንድ ጊዜ ልድገመው፣ ሀብትነሽ ገብረየስ። በቃ፣ ይሄው ነው። አርባዋ ስላልወጣ ዘፈን ላይ አልቆምም። እናንተ ዝፈኑ፤ እኔ ልውረድ።"

ማይኩን መለሰና ወደ ደረጃው ዞረ። እትዬ ብርኽቲ ከታች ዣንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን አንስቷል። ያኔ ሔኖክ ጊታሩን ከአንገቱ አወለቀ። ገመዱን ነቀለና መሬት ላይ አስተኛው። ቤዝ የሚመታው አየው፤ እሱም አወለቀ። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ከመቀመጫው ሥር አስገባ። ሔኖክ ማይኩን ይዞ፦

"ጋሼ፣ አይሂዱ። ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፣ እናውቃለን። ሰዎች፣ እጃችሁንም አታጨብጭቡ። በአፋችን ብቻ። እንደተጻፈው፣ እሺ?" አለ።

እሱ ጀመረው፤ ፓርኩ ተቀበለው።

መሸብኝ መንገዱ፣ አውቶቡሷም አልፋ፣
እማዬ ጠብቂኝ፣ መብራቱ አይጥፋ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ዘፈን ነው። ያችን ጊታር ስጠብቅ ግን ቃሉን በቅጡ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጊታሩ ሳይኖር እናቴ በዝናብ ውስጥ የሄደችበት መንገድ ብቻ ቀረ። ሁለተኛውን ቤት ወጣቶቹ አያውቁትም፤ ድምፁ ሊሞት ሲል ከዚህም ከዚያም ያሉ ትልልቅ ሰዎች አነሱት።

ካዛንቺስ ዝናብ ነው፣ እስከ ላንቻ ጭቃ፣
ጫማዬን ይዣለሁ፣ ልብሴም ራሰ በቃ።

አጠገቤ አንድ ወፈር ያለ የሴት ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ብርኽቲ ነበሩ። ሳያቸው፣ "ምን ታዪኛለሽ? ሙዚቃ የለውም እኮ" አሉኝ። አባቴ ደረጃው መካከል ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አልወረደም፣ አልወጣም፣ እስከ መጨረሻው እዚያው ቆየ።

ሲያልቅ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ሰው ወደ መውጫው በመሄድ ፈንታ ወደ እኛ መጣ። የእናቴን መሞት ያልሰሙ የድሮ ጎረቤቶቻችን ነበሩበት። በጀሞ፣ በገላን፣ በየካ አባዶ ተበታትነው የኖሩ ሰዎች አባቴን እያቀፉ አለቀሱ። አንዳንዶቹ በእሱ ሞት አልቅሰው ነበርና ደስታውም ለቅሶውም ተቀላቀለባቸው። ጨርሶ የማያውቁን ወጣቶች ተሰለፉ። ፊታቸው ላይ ቀለም ያለባቸው፣ ጆሯቸውን የተበሱ ወንዶች ልጆች ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው እጁን እየያዙ "እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ" ይሉታል። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። አዘጋጆቹ መብራቱን አጥፍተው ዕቃ ሊጭኑ ቸኩለው ነበር፤ ሰልፉን አይተው ጠበቁን። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ምስጋናዬ ግን እዚህ ይመዝገብ።

እኔ ትንሽ ለመተንፈስ ሣሩ ላይ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ሁለት ልጃገረዶች ጫማቸውን ያስራሉ። አንዷ ዘግይታ የመጣች መሆን አለባት።

"ማን ናት የሞተችው ግን?"

"ሀብትነሽ ናታ!" አለቻት ሌላዋ፣ እንዴት አታውቂም በሚል ድምፅ። "ሀብትነሽ ገብረየስ። መብራቱ አይጥፋን የጻፈችው። ደግሞ እኮ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።"

ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። "ዐሥራ ስምንት" አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ጥቁሩን ልብሴን አየች። "ታውቂያት ነበር?"

"እናቴ ናት።"

ልጅቷ የአንድ ጫማዋን ክር ሳታስር ተነሳች። ጓደኛዋም ተነሳች። ጎንበስ ብለው እጄን ያዙኝና የሚባለውን አሉኝ፤ እኔም አሜን አልኳቸው።